ቺለር ውስጥ የገባን አየር በየትኛው መንገድ እናስወጣው?

የቺለራችን፣ ማለትም የሕንፃውን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ማሽን፣ የኮንደንሰሩ (ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ክፍል) ግፊት ከወትሮው ከፍ ብሏል። ከኩሊንግ ታወር የሚመጣው ውሃ ደህና ነው። ቱቦዎቹ በቅርቡ ተጠርገዋል። የማቀዝቀዣ ጋዝም አልተጨመረም። ኮምፕረሰሩ ግን ያቃስታል፣ ቆጣሪውም ይከንፋል። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን መጀመሪያ ቆሻሻ እንጠረጥራለን። ቀጥለን «ጋዝ በዝቶበት ይሆናል» እንላለን። አየር ትዝ የሚለን ሁሉን ሞክረን ሲያቅተን ነው።

አየር መግባቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ «በምን ይውጣ?» የሚለው ይመጣል። በእጅ ማስተንፈስ አለ። ጋዙን በሙሉ አውጥቶ፣ ቫኪዩም ስቦ፣ መልሶ መሙላት አለ። ከቺለሩ ጋር የሚገጠም፣ አየሩን ከጋዙ ለይቶ የሚያስወጣ የፐርጅ ማሽን አለ። የአሞኒያ ሰዎች የራሳቸው ፐርጀር አላቸው። አብዞርፕሽን ቺለር (በኮምፕረሰር ፈንታ በሙቀትና በጨው ፈሳሽ የሚሠራ) ያለው ሰው ደግሞ ከቫኪዩም ፓምፑ ጋር ተስማምቶ መኖር አለበት።

ከእነዚህ የቱ ይሻላል ብላችሁ በደፈናው ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ምርጫውን የሚወስነው ብራንድ አይደለም። የማሽኑ ትልቅነትም አይደለም። ሲስተሙ ሲሠራም ሆነ ሲቆም፣ ውስጡ ያለው ዝቅተኛው ግፊት ከውጪው አየር ግፊት በላይ ነው ወይስ በታች? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በላይ ከሆነ አየር የሚገባው ሰው ሲከፍትለት ብቻ ነው። በታች ከሆነ ግን ሌት ተቀን፣ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። የሁለቱ መድኃኒት አንድ ሊሆን አይችልም።

ባዕድ ጋዝ ምን ያደርጋል?

ባዕድ ጋዝ የምለው በኮንደንሰሩ ሙቀትና ግፊት ወደ ፈሳሽ የማይለወጠውን ሁሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። ከብየዳና ከሊክ ፍተሻ የተረፈ ናይትሮጅንም ሊሆን ይችላል። ዘይትና ጋዝ በሙቀት ሲበላሹ የሚወጡ ጋዞችም አሉ። ከአየሩ ጋር ደግሞ እርጥበት አብሮ ይገባል፤ የእሱን መዘዝ ቆይቼ አነሳለሁ።

አየር በገባበት ቦታ አይቀመጥም። በኢቫፖሬተር (ፈሳሹ ፈልቶ ውሃውን በሚያቀዘቅዝበት ክፍል) በኩል ቢገባ ኮምፕረሰሩ ጠርጎ ወደ ኮንደንሰር ይወስደዋል። እዚያ ሲደርስ መውጫ ያጣል። የኮንደንሰሩን መውጫ የሞላው ፈሳሽ ነዋ። ፈሳሹ፣ የእጅ መታጠቢያ ሥር እንዳለው ጠማማ ቱቦ፣ ውሃውን እንጂ ጋዙን አያሳልፍም። የማቀዝቀዣው ጋዝ ፈሳሽ እየሆነ ይወርዳል። አየሩ ይቀራል። በማግስቱ ሌላ አየር ይመጣል፣ እሱም ይቀራል።

ጉዳቱ ድርብ ነው። በአንድ ዕቃ ውስጥ ያሉ ጋዞች ግፊታቸው ይደመራል፤ ይህን ጆን ዳልተን ካሳየን 200 ዓመት አልፏል። አየሩ 0.7 ባር ካለው ኮምፕረሰሩ ያንን 0.7 ባር ጨምሮ መግፋት አለበት። ሁለተኛው ይብሳል። አየሩ የቱቦዎቹን ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። ጋዙ ቀዝቃዛው ቱቦ ጋ ለመድረስ አየሩን ሰንጥቆ ማለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ ጥቂት አየር ከመጠኑ በላይ ያስቸግራል። በሙያው የሚሠራበት ግምት አለ፦ ጋዙ ፈሳሽ የሚሆንበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ባለ ቁጥር የኮምፕረሰሩ ፍጆታ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይጨምራል። አምስት ዲግሪ ሲሆን አስቡት።

መጀመሪያ አየር መሆኑን አረጋግጡ

ይህን ክፍል መዝለል የሚያምራችሁ ትኖራላችሁ። አትዝለሉት። ቱቦው ስለቆሸሸ ፐርጅ ማሽን የገዛ ሰው አይቻለሁ።

ፈተናው ቀላል ነው። ኮምፕረሰሩን አቁሙ። የኮንደንሰሩ ውሃ ግን ይዙር። የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ሙቀት እኩል እስኪሆን ጠብቁ። ያኔ ውስጡ ያለው ጋዝ የውሃውን ሙቀት ይይዛል። አሁን ግፊቱን አንብቡና በጋዙ የግፊትና የሙቀት ቻርት ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ አር-134ኤ በ25 ዲግሪ ላይ ሊኖረው የሚገባው ፍጹም ግፊት (ከባዶ ቫኪዩም ጀምሮ የሚቆጠረው) 6.65 ባር ነው። በባሕር ወለል ላይ ያለ ጌጅ ይህን 5.64 ብሎ ያነባል። ጌጃችሁ 6.4 ካለ ትርፉ 0.76 ባር የማን ነው? የባዕዱ ጋዝ ነው።

ቆሻሻ ቱቦ፣ ያነሰ የውሃ ፍሰት፣ የበዛ ጋዝ፣ ሁሉም ማሽኑ ሲሠራ ግፊት ያስነሳሉ። ማሽኑ ቆሞ ሙቀቱ ሲተካከል ግን ይጠፋሉ። አየር ግን አይጠፋም። የፈተናው ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ከፍታ ነው። ጌጅ የሚነግረን ከውጪው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት 0.8 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ጋዝ ያለበት ያው ሲስተም እዚያ 5.85 ያህል ያሳያል። ከቻርቱ ጋር በቀጥታ ካስተያያችሁት በሌለ አየር ትደነግጣላችሁ። ሁሌም ወደ ፍጹም ግፊት ቀይራችሁ አስሉ። ሁለተኛው ወጥመድ ድብልቅ ጋዝ ነው። እንደ አር-407ሲ ያለው ጋዝ በአንድ ሙቀት ላይ ሁለት ግፊት አለው፤ አንዱ መፍላት ሲጀምር፣ ሌላው ፈሳሽ መሆን ሲጀምር። የትኛውን ዓምድ እንደምታነቡ ካላወቃችሁ ውጤቱ ያሳስታችኋል። ሦስተኛው፣ ቀድሞ የነካው ሰው የተሳሳተ ጋዝ ጨምሮበት ከሆነ ያው «አየር» መስሎ ይታያል። ያንን ደግሞ የትኛውም ፐርጅ አያወጣውም።

በእጅ ማስተንፈስ፦ ርካሽ የሚመስለው

በኮንደንሰሩ ላይ ያለውን ቫልቭ ትንሽ ከፈት፣ ጭስ የመሰለ ነገር «ጢስ» ሲል ዘጋ። ብዙዎቻችን ሙያውን የለመድነው እንዲህ እያየን ነው። ችግሩ የሚወጣው አየር ብቻ አለመሆኑ ነው። ኮንደንሰር ውስጥ አየሩ ተለይቶ ጥግ ይዞ አይጠብቅም፤ ከጋዙ ጋር ተደባልቋል። ማሽኑ እየሠራ ከሆነማ የሚወጣው አብዛኛው ራሱ የማቀዝቀዣ ጋዙ ነው።

የግድ ከሆነ ማሽኑ ቆሞ፣ ኮንደንሰሩ በውሃ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ረጅም ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ ይሻላል። ሲቀዘቅዝ ብዙው ጋዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከላይ የሚቀረው የአየር ድርሻ ይጨምራል። ቢሆንም በብዙ አገሮች የኦዞን ሽፋንን የሚጎዱትንና ምድርን የሚያሞቁትን ጋዞች ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ በሕግ ክልክል ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዱትን መልቀቅ ከሐምሌ 1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። ከፍጆታ አንጻርም ቢሆን ያዋጣል ብዬ አላስብም። የለቀቃችሁትን ጋዝ ያህል ነገ ትሞላላችሁ። በእጅ ማስተንፈስን አልመርጥም፤ ለሃሎካርበን ጋዞች (ክሎሪን ወይም ፍሎሪን ላለባቸው) በፍጹም።

ሁሉን አውጥቶ፣ ቫኪዩም ስቦ፣ መልሶ መሙላት

ግፊቱ ሁልጊዜ ከአየር በላይ ለሆነ ሲስተም ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። አር-134ኤ በ5 ዲግሪ ኢቫፖሬተር ላይ ፍጹም ግፊቱ 3.5 ባር ነው። አር-410ኤ ከዚያም በጣም ይበልጣል። እነዚህ ሲስተሞች ቢሸነቆሩ ጋዝ ይወጣል እንጂ አየር አይገባም። ታዲያ አየሩ ከየት መጣ? ከእኛው ነው። ኮምፕረሰር ሲቀየር በደንብ ቫኪዩም አልተሳበም። ወይ ሆዙ ውስጥ የነበረው አየር ሳይወጣ ጋዝ ተሞላ። ወይ ጋዙ በሊክ አልቆ፣ ማንም ሳያየው ማሽኑ ባዶውን ሲሠራ ከረመ። አንድ ጊዜ የገባ ነው፤ አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ከወጣ አይመለስም።

ሥራው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ቫኪዩሙ ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቫኪዩሙ ይጠልቃል) በታች መውረዱ ብቻውን አይበቃም። ፓምፑን ዝጉና ጠብቁ። ንባቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ከቆመ ውስጥ እርጥበት አለ። ሳያቋርጥ ከወጣ ሊክ አለ። እርጥበት ካለ ደረቅ ናይትሮጅን አስገብቶ እንደገና መሳብ፣ ያንንም መደጋገም ነው። ለትልቅ ቺለር ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ይፈጃል። ሕንፃው ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይበት ጊዜ ዋጋው ውስጥ መታሰብ አለበት።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ። ጀማሪ እያለሁ ከአንድ ቺለር ጋዙን በሪከቨሪ ማሽን አወጣሁ፣ ቫኪዩም ሳብኩ፣ 500 ማይክሮን አየሁ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ያወጣሁትን ያንኑ ጋዝ መልሼ ሞላሁ። ግፊቱ ሄዶ ሄዶ የትናንቱ ቦታ ቁጭ አለ። አየሩ ከጋዙ ጋር ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ነበር። እኔ ደግሞ በክብር መለስኩት። ሲሊንደሩን በአንድ ሙቀት ላይ አቆይቶ በዚያው የግፊት ቻርት መፈተሽ አምስት ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነበር። ሪከቨሪ የተደረገ ጋዝ ካልተፈተሸና ካልተጣራ አትመልሱት። ከሲሊንደሩ መሙላት የግድ ከሆነም ከፈሳሹ በኩል ሙሉ፤ አየሩ ከላይ ነው የሚቀመጠው።

የፐርጅ ማሽን፦ በቫኪዩም ለሚሠሩ ቺለሮች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አር-11፣ አር-123፣ አር-1233ዜድዲ፣ አር-514ኤ የሚባሉት ጋዞች የሚፈሉት በክፍል ሙቀት አካባቢ ነው። አር-123 በባሕር ወለል ላይ በ27.8 ዲግሪ ይፈላል፤ አር-1233ዜድዲ በ18 ዲግሪ ገደማ። ኢቫፖሬተሩ 4 ዲግሪ ሲሆን የአር-123 ፍጹም ግፊት 0.4 ባር፣ የአር-1233ዜድዲ 0.6 ባር ገደማ ነው። ማለትም ቺለሩ እየሠራ ግማሽ አካሉ ቫኪዩም ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ቆሞ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አር-123 ያለበት ቺለር መላ አካሉ ቫኪዩም ይሆናል። እያንዳንዱ ጋስኬት፣ እያንዳንዱ የቫልቭ ግንድ፣ እያንዳንዱ የጌጅ መግጠሚያ አየር ለመሳብ የተዘጋጀ ነው። እዚህ ሁሉን አውጥቶ መሙላት ጣራው እያፈሰሰ ወለል እንደ መወልወል ነው። ፐርጅ የግድ ይላል።

ጥያቄው የትኛው ፐርጅ የሚለው ነው። አሠራራቸው በመሠረቱ አንድ ነው። ከኮንደንሰሩ ላይኛ ክፍል ድብልቁን ይስባሉ። ከላይ የሆነው አየር ከአር-123 አምስት እጥፍ ያህል ስለሚቀል ነው። ድብልቁን ቀዝቃዛ ኮይል ያለበት ጋን ውስጥ ያስገባሉ። ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ ወደ ቺለሩ ይመለሳል። አየሩ ጋኑ ውስጥ ይጠራቀምና በትንሽ ፓምፕ ወደ ውጪ ይባረራል። ልዩነቱ ጋኑ ምን ያህል ይቀዘቅዛል፣ ከወጪው አየር ጋር ምን ያህል ጋዝ ይሄዳል የሚለው ላይ ነው።

እስቲ ትንሽ እናስላ። የጋኑ ጠቅላላ ፍጹም ግፊት 1.3 ባር ነው እንበል። ጋኑ የሚቀዘቅዘው በተራ ውሃ ሆኖ 25 ዲግሪ ላይ ከቆመ፣ በዚያ ሙቀት አር-123 ብቻውን 0.91 ባር ይይዛል። ለአየሩ የሚቀረው 0.39 ነው። ጋዙ ደግሞ ከባድ ነው። ክብደቱ ሲታሰብ ከ1 ኪሎ አየር ጋር 12 ኪሎ ያህል ጋዝ አብሮ ይወጣል! ጋኑን ወደ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ብናወርደው የጋዙ ግፊት 0.12 ባር ብቻ ይሆናል። አሁን ከ1 ኪሎ አየር ጋር የሚወጣው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ያ የቅዝቃዜ ልዩነት ብቻ ነው።

የድሮዎቹ ፐርጆች በውሃ ወይም በቺለሩ በራሱ ፈሳሽ ጋዝ ይቀዘቅዙ ነበር። አንዳንዶቹ የጋኑን ግፊት በትንሽ ኮምፕረሰር ከፍ በማድረግ ኪሳራውን ይቀንሱት ነበር። ቢሆንም በአንድ ኪሎ አየር ብዙ ኪሎ ጋዝ ማጣት የተለመደ ነበር። አር-11 በርካሽ ይገኝ በነበረ ጊዜ ማንም አይቆጥረውም። የአዲሶቹ ፐርጆች ትልቁ ለውጥ የራሳቸው ትንሽ የማቀዝቀዣ ማሽን ያላቸው መሆኑ ነው። ኮይላቸው ከዜሮ በታች ብዙ ይወርዳል። የሚወጣው አየር ከዚያ በኋላ አክቲቬትድ ካርቦን በተሞላ ጋን ውስጥ ያልፋል፤ ካርቦኑ የተረፈውን ጋዝ ይይዛል። ሲሞላ ይሞቅና የያዘውን ወደ ቺለሩ ይመልሳል። በዚህ መንገድ የጋዙ ኪሳራ ለአንድ ኪሎ አየር ከ0.1 ኪሎ በታች ይወርዳል። «ከፍተኛ ብቃት ያለው ፐርጅ» የሚባለው እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ነው። ሻጭ ብቃት ሲያወራላችሁ ይህን ቁጥር ጠይቁት። ዝም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ሌላው ትልቅ ጥቅማቸው ቺለሩ ቆሞ እያለም መሥራታቸው ነው። የድሮው ፐርጅ የሚሠራው ኮንደንሰሩ ግፊት ሲኖረው ነው። ቺለሩ ለወራት ሲቆም እሱም ይተኛል፤ አየሩ ግን ሲገባ ይከርማል። መልሰው ሲያስነሱት በከፍተኛ ግፊት ይዘጋል። የራሱ ኮምፕረሰርና ፓምፕ ያለው ፐርጅ በቆመ ቺለር ላይም አየር ያወጣል። ቺለራችሁ በዓመት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ በእኔ ግምት ምርጫውን የሚዘጋው ይህ ብቻውን ነው።

መቆጣጠሪያውም ተለውጧል። የድሮዎቹን በሰዓት ቆጣሪ ወይም በግፊት ልዩነት ነው የምናውቃቸው፤ አየር ኖረም አልኖረም ሰዓቱ ሲደርስ ያስተነፍሳሉ። አዲሶቹ የኮይላቸውን ሙቀት ያያሉ። ጋኑ ውስጥ ጋዝ ካለ ኮይሉ ሥራ አለው፣ ይሞቃል። አየር ሲሞላው ሥራ ያጣል፣ ይቀዘቅዛል። ያኔ ብቻ ፓምፑ ይነሳል። ቀላል ግን ብልህ ነገር ነው።

አሁን እርጥበቱ። ውሃ ከአር-123ና ከመሰሎቹ ጋር ሲቆይ አሲድ ይፈጥራል፤ ብረት ይበላል፣ ዘይት ያበላሻል። አብዛኞቹ ፐርጆች ድራየር (እርጥበት የሚይዝ ማጣሪያ) ያላቸው ለዚህ ነው። ድራየሩ የሚቀየርበት ጊዜ ይረሳል። ድራየሩ ቶሎ ቶሎ እርጥብ የሚሆን ከሆነ ነገሩ ከአየር እርጥበት በላይ ሊሆን ይችላል። የተሸነቆረ የውሃ ቱቦ ጠርጥሩ።

ከሁሉም በላይ ፐርጅ ቆጣሪ ነው። በቀን ስንት ደቂቃ አየር አስወጣ? አዲሶቹ ይህን መዝግበው ይይዛሉ። ቺለሩ ጥብቅ ሆኖ ሳለ ያለውን ቁጥር ጻፉት። ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ሊክ ተፈጥሯል ማለት ነው። በጣም ጥሩ ፐርጅ መግዛት አንድ መዘዝ አለው፦ ሊኩን ይደብቃል። ቺለሩ በደህና ይሠራል፣ ማንም አይጠረጥርም፣ ፐርጁ ግን ቀኑን ሙሉ ይለፋል። ስለዚህ የደቂቃ መዝገብ የሌለውን ፐርጅ በርካሽ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ሊኩን ስትፈልጉ ቺለሩን በመጠኑ ማሞቅ የተለመደ ነው፤ ውስጡ ከአየር በላይ ይሆንና ጋዙ ወደ ውጪ ይወጣል፣ በመፈለጊያ ይያዛል። ከመጠን አትለፉ። የእነዚህ ቺለሮች የደህንነት ዲስክ የሚፈነዳው በጌጅ 1 ባር ገደማ ላይ ነው። ኦክሲጅን ደግሞ ለፍተሻ በፍጹም አይገባም፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

አሞኒያ የራሱ ሕግ አለው

አሞኒያ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ33 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ከዚያ በታች የሚሠራ ሲስተም፣ ለምሳሌ ማይነስ 40 ላይ ያለ፣ ፍጹም ግፊቱ 0.7 ባር ገደማ ነው። ያው ቫኪዩም ነው። ውሃ ለማቀዝቀዝ ብቻ የሚሠራ የአሞኒያ ቺለር ግን ከአየር ግፊት በላይ ነው፤ አየር የሚገባበት በጥገና ወቅት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታውን ነው። ከፍሎሮካርበን የመጣ ቴክኒሻን አየሩን ከኮንደንሰሩ አናት ይፈልጋል። አሞኒያ ግን ከአየር ይቀላል። አየሩ ወደ ታች፣ ፈሳሹ በሚወጣበት ጫፍና በፈሳሽ መቀበያው ላይኛ ክፍል ይጠራቀማል። የማውጫ ቫልቩን የተሳሳተ ቦታ ከተከላችሁ ምርጡ ፐርጀር ንጹሕ አሞኒያ ሲያመላልስ ይውላል።

በእጅ የሚሠሩ ሰዎች ሆዙን ውሃ ባልዲ ውስጥ ይነክሩታል። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ አየር አይሟሟም። ወደ ላይ የሚወጣው አረፋ አየር ነው፤ እየተንጣጣ ውሃው ውስጥ የሚጠፋው አሞኒያ ነው። ብልሃቱ ያምራል፣ አደጋው ግን አያምርም። የባልዲው ውሃ ሲጠግብ አሞኒያው ወደ ፊታችሁ ይመጣል። ቫልቩ ሲዘጋም ውሃው ወደ ሆዙ ሊሳብ ይችላል። በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 300 እጅ የሆነ አሞኒያ ለሕይወት አስጊ ተብሎ የተመደበ መጠን ነው።

አውቶማቲክ ፐርጀር ስትመርጡ ክርክሩ ባለ አንድ ነጥብ ወይስ ባለ ብዙ ነጥብ የሚለው ነው። አንድ ኮንደንሰር ካላችሁ አንድ ነጥብ ይበቃል። ብዙ ካላችሁ ሁሉንም ነጥብ በአንድ ቧንቧ አገናኝቶ በአንዴ መክፈት አይሠራም። የየኮንደንሰሩ ግፊት በትንሹም ቢሆን ይለያያል፤ ግፊቱ የሚበልጠው ብቻ ይተነፍሳል፣ ሌሎቹ አየራቸውን ይዘው ይቀራሉ። ባለ ብዙ ነጥብ ፐርጀር ተራ በተራ ይከፍታል። በኤሌክትሪክ ሳይሆን በተንሳፋፊ ቫልቭ የሚሠሩም አሉ፤ ሰው በየነጥቡ ዞሮ እስከ ከፈተላቸው ድረስ አስተማማኝ ናቸው። ዞሮ የሚከፍት ሰው ይኖራል ወይ? በሐቀኝነት መልሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የአሞኒያ ፐርጀር አየር እንጂ ውሃ አያወጣም። ውሃው በኢቫፖሬተር በኩል ካለው አሞኒያ ጋር ይቀራል። ለእሱ ለብቻው ማጣሪያ ያስፈልጋል።

አብዞርፕሽን ቺለር

እዚህ ላይ ማቀዝቀዣው ራሱ ውሃ ነው። በ5 ዲግሪ ለመፍላት ፍጹም ግፊቱ 0.9 ኪሎፓስካል ገደማ መሆን አለበት፤ ይህ የአየር ግፊት አንድ መቶኛ እንኳን አይሞላም። እንዲህ ባለ ቫኪዩም ውስጥ ኢምንት አየር ብዙ ነው። ማሽኑ ማቀዝቀዙን ያቆማል። ኦክሲጅኑ ከሊትየም ብሮማይዱ (የውሃውን ተን ከሚመጥጠው ጨው) ጋር ሆኖ ብረቱን ይበላል። ብረቱ ሲበላ ደግሞ ሃይድሮጅን ይወጣል። ስለዚህ ፍጹም ጥብቅ የሆነ ማሽንም ባዕድ ጋዝ ራሱ ይፈጥራል።

አማራጩ ሦስት ነው፣ ብዙውን ጊዜም አብረው ይሠራሉ። አንደኛው የራሱ የፈሳሹ ፍሰት ጋዙን እየጠባ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚያስቀምጥበት ነው። ሁለተኛው ያንን ማጠራቀሚያ የሚያራግፈው ቫኪዩም ፓምፕ ነው። ሦስተኛው የሞቀ ፓላዲየም ነው፤ ሃይድሮጅንን ብቻ አሳልፎ ወደ ውጪ ያወጣል። ፓላዲየሙ አየርን አያወጣም፣ ስለዚህ ፓምፑን አይተካም። ፓምፑን ገዝቶ ዘይቱን መርሳት ደግሞ የተለመደ ነው። የውሃ ተን ዘይቱን እንደ ወተት ያነጣዋል፤ ያን ጊዜ ፓምፑ ይጮሃል እንጂ አይስብም።

እኔ ብሆን

አር-134ኤ ወይም አር-410ኤ ያለው ቺለር ከሆነ ቋሚ ፐርጅ አልገዛም። «ለማንኛውም ይኑር» ቢሉኝም አልገዛም። ገንዘቡን ጥሩ ቫኪዩም ፓምፕ፣ ኤሌክትሮኒክ የቫኪዩም ጌጅና ንጹሕ ሲሊንደር ላይ አውለዋለሁ። አንዴ በሥርዓቱ አወጣለሁ፣ ማን እንዴት እንዳስገባው ደግሞ አጣራለሁ።

አር-123 ያለው የድሮ ቺለር ከነድሮው ፐርጅ ቢሰጡኝ ቺለሩ ገና ብዙ ዓመት የሚሠራ እስከሆነ ድረስ ፐርጁን እቀይራለሁ። በቅርቡ ተነቅሎ የሚወገድ ከሆነ ግን ፐርጁን ትቼ ጋስኬቶቹን እቀይራለሁ። ያ በጣም ያነሰ ወጪ ነው፣ ፐርጁንም ያሳርፈዋል።

አዲስ በቫኪዩም የሚሠራ ቺለር የሚገዛ ሰው ፐርጁን አብሮ ያገኘዋል። ሳይፈርም በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። በአንድ ኪሎ አየር ስንት ጋዝ ይጠፋል? ቺለሩ ሲቆም ይሠራል? የሥራ ደቂቃውን ይመዘግባል? ከተወሰነ ደቂቃ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል ወይስ ዝም ብሎ ይዘጋል? የመጨረሻው ላይ አንዳንድ ፐርጆች በራሳቸው ሥራ ያቆማሉ፣ ጋዝ እንዳይጠፋ። ጥሩ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የሚሰማበት ቦታ ከደረሰ። እኔ የማውቀው አንድ ማሽን ክፍል ውስጥ ፐርጁ ሦስት ሳምንት ቀይ መብራት አብርቶ ቆይቷል። በሩ ተቆልፎ ነበር።